አክሲዮኑን ልግዛ ወይስ ልቆይ?

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ዕቁብ ደርሶት፣ ከደሞዙ ቆጥቦ ወይም ውጭ ሀገር ለፍቶ ጥቂት ገንዘብ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነው። ስሙ በሁሉ አፍ ያለ፣ ሁላችንም በስልካችን የምንጠቀምበት አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮኑን ለሕዝብ ይሸጣል። ማስታወቂያው ይጎርፋል፣ ጓደኛ ይደውላል፣ «ይኼ ዕድል እንዳያመልጥህ» ይባላል። ታዲያ ልግዛ ወይስ ልቆይ?

ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር እኔ የምመለስበት አንድ ታሪክ አለ። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ግንቦት 10 ቀን 2004 ዓ.ም.፤ በፈረንጆቹ ሜይ 18 ቀን 2012። ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ የ28 ዓመቱ የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዘከርበርግ ባለ ኮፍያ ሹራቡን እንደለበሰ፣ በሠራተኞቹ ተከቦ የናስዳክ አክሲዮን ገበያን የመክፈቻ ደወል ደወለ። ፌስቡክ 421 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ አቅርቧል፤ የአንዱ ዋጋ 38 ዶላር። የሽያጩ ገንዘብ 16 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ኩባንያው በጠቅላላው 104 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተባለ።

ግብይቱ መጀመር ከነበረበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ዘገየ፤ የገበያው ኮምፒውተሮች የትእዛዙን ብዛት አልቻሉትም። ብዙ ሰው አክሲዮኑ ይገዛለት አይገዛለት ሳያውቅ ለሰዓታት ቆየ። ናስዳክ በዚህ ጥፋት በቀጣዩ ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። የ38 ዶላሩ ዋጋ አስቀድሞ በባንኮች በኩል ለተመደበለት ሰው ነው። ያልተመደበለት ተራ ገዢ በገበያው በር ሲገባ ያገኘው የመጀመሪያ ዋጋ 42 ዶላር ከ5 ሳንቲም ነበር። ማታ ገበያው ሲዘጋ ዋጋው 38 ከ23 ላይ ነበር። ሰኞ 34 ሆነ። በነሐሴ 29፣ የእኛ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ 17 ዶላር ከ73 ሳንቲም ደረሰ። ጠዋት በ42 የገዛ ሰው በአራት ወር ባልሞላ ጊዜ ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከእጁ ሲሸሽ አየ።

ልብ በሉ፣ ኩባንያው አልከሰረም። ከ900 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው፤ አትራፊ ነበር፤ የተጠቃሚው ቁጥርም ያድግ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? መልሱን በወፍጮ ቤት ላስረዳችሁ።

ሰፈራችሁ ውስጥ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት መብራቱ፣ ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደሞዝ፣ ግብሩ ሁሉ ተቀንሶ በዓመት 200 ሺህ ብር ያተርፋል እንበል። ባለቤቱ ሊሸጥላችሁ ፈለገ። 1 ሚሊዮን ብር ቢጠራ ወፍጮው እንዲህ ከቀጠለ በአምስት ዓመት ገንዘባችሁን ትመልሳላችሁ። 2 ሚሊዮን ቢጠራ በዐሥር ዓመት። አሁን ሰውዬው 20 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ቢል ምን ትሉታላችሁ? 104 ዓመት ነው! ፌስቡክ በፈረንጆቹ 2011 ያተረፈው 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ የተጠራው ዋጋ 104 ቢሊዮን። የወፍጮው ሂሳብና የፌስቡክ ሂሳብ አንድ ነው።

እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፍል ሰው ሁሉ ሞኝ ነው እያልኩ አይደለም። ከወፍጮው ጀርባ አዲስ ኮንዶሚኒየም እየተሠራ ከሆነ፣ ነገ ዐሥር ሺህ አባወራ የሚገባበት ከሆነ፣ የዘንድሮው ትርፍ የከርሞውን አይነግራችሁም። የቴክኖሎጂ ኩባንያ ገዢም የሚገዛው ይህን ገና ያልተሠራውን ኮንዶሚኒየም ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ኩባንያው ጥሩ ነው ወይ?» ብቻ አይደለም። «ይህን ዋጋ ትክክል ለማድረግ ምን ያህል ማደግ አለበት? እድገቱስ ከምን ይመጣል?» ነው። ጥሩ ወፍጮ በመጥፎ ዋጋ ተገዝቶ ቤተሰብ ያስራበበት ጊዜ ብዙ ነው።

እድገቱ ከምን እንደሚመጣ፣ ምንስ እንደሚያሰናክለው ኩባንያው ራሱ በጽሑፍ ይናገራል። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ፕሮስፔክተስ የሚባል የሽያጭ መግለጫ የማውጣት ግዴታ አለበት። ሰነዱ ወፍራም ነው፤ ቋንቋው ይከብዳል፤ ብዙ ሰው ሽፋኑን አይቶ ያስቀምጠዋል። እኔ የምመክረው እርሳስ ይዞ ከሦስት ቦታ መጀመር ነው። መጀመሪያ ስለ ስጋቶች የሚናገረው ክፍል፣ ቀጥሎ ገቢና ወጪው፣ በመጨረሻ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚገልጸው ገጽ።

የፌስቡክን የስጋት ክፍል ያነበበ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ያገኝ ነበር። ኩባንያው ሰዎች ከኮምፒውተር ወደ ስልክ እየዞሩ መሆኑን፣ ከስልክ ተጠቃሚው ደግሞ ያን ጊዜ ይህ ነው የሚባል ገቢ እንደማያገኝ በግልጽ ጽፎት ነበር። ሽያጩ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ሰነዱን አሻሽሎ ነገሩን ይበልጥ አጠናከረው። ሽያጩን የሚያስተባብሩት ባንኮች ተንታኞች ግምታቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህም ወሬ ለትልልቅ ደንበኞች ሲደርስ ለተራው ገዢ አልደረሰም፤ የማሳቹሴትስ ግዛት በዚሁ ጉዳይ ከባንኮቹ አንዱ የሆነውን ሞርጋን ስታንሊን 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል። በሽያጩ ሳምንት ደግሞ መኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ፌስቡክ ላይ ያወጣ የነበረውን የ10 ሚሊዮን ዶላር ማስታወቂያ ማቆሙ ተሰማ። በተቃራኒው የአክሲዮኑ መሸጫ ከ28 እስከ 35 ይሆናል ከተባለው ወደ 38 ከፍ አለ፣ የሚሸጠውም ብዛት ተጨመረ። ክፉ ወሬ እየመጣ ዋጋ ሲጨመር ማየት ለእኔ ቆም ብሎ ለማሰብ በቂ ምክንያት ነው።

ገቢና ወጪውን በወፍጮው ሂሳብ አይተናል። ሦስተኛው ገጽ፣ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል የሚለው፣ ብዙ ሰው የማይደርስበት ነው፤ እኔ ግን ሳላነበው አላልፍም። ከ421 ሚሊዮኑ አክሲዮን ፌስቡክ ራሱ አዲስ አውጥቶ የሸጠው 180 ሚሊዮን ብቻ ነው። 241 ሚሊዮኑን የሸጡት ቀድሞ የገቡ ባለአክሲዮኖች ናቸው። ከ100 አክሲዮን የ57ቱ ገንዘብ ለአዲስ ሥራ ወደ ኩባንያው ካዝና አልገባም፣ የሻጮቹ ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። መሸጣቸው ኃጢአት አይደለም፣ ዓመታት የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በሬ ገበያ ስንወጣ ሻጩን «ለምን ትሸጠዋለህ?» ሳንል ገንዘብ አንቆጥርም። ይህን ልማድ አክሲዮን ጋ ስንደርስ ለምን እንተወዋለን?

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ቀድመው የገቡ ባለአክሲዮኖችና ሠራተኞች ሽያጩ ካለፈ በኋላ ለተወሰኑ ወራት እንዳይሸጡ ይታገዳሉ። እገዳው መቼ እንደሚነሣ በሰነዱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የፌስቡክ የመጀመሪያው እገዳ የተነሣው ነሐሴ 10 ቀን ነበር፤ 271 ሚሊዮን አክሲዮን ለመሸጥ ነፃ ሆነና ዋጋው በአንድ ቀን 6 በመቶ ወርዶ ከ20 ዶላር በታች ገባ። በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፣ ኩባንያው ገና ጨቅላ ሳለ፣ በ500 ሺህ ዶላር የገባው ፒተር ቲል በዚያ ሰሞን 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ አክሲዮን ሸጠ። የማይሆን ነገር አላደረገም፣ ቀኑ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። ቀኑን ያነበበ ተራ ሰውም ሦስት ወር ታግሦ በግማሽ ዋጋ ሊገዛ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ትዕግሥት እንምጣ። ፌስቡክ በ38 ዶላር የተሸጠበትን ዋጋ መልሶ ያለፈው በሐምሌ 2005 መጨረሻ ነው፣ ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ። በዚያን ጊዜ ከማስታወቂያ ገቢው 41 በመቶው ከስልክ እየመጣ ነበር። ያ ሁሉ የተፈራበት ጥያቄ ተመልሶ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አስቡ። አንደኛው በመጀመሪያው ቀን በ38 ገዛ፤ ስልኩ ገንዘብ ያመጣ አያመጣ አያውቅም። ሁለተኛው ከዓመት በኋላ በዚያው 38 ገዛ፤ እሱ ያውቃል። ዋጋው አንድ፣ ዕውቀቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። ከዚያ ወዲህ አክሲዮኑ በመቶዎች ዶላር ወጥቷል፣ ሁለቱም ተጠቅመዋል። ግን አንደኛው ያንን ክረምት ሳይሸጥ ካለፈው ብቻ ነው። በ17 ዶላር ዘመን፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ፣ ስንቱ ነው ጨንቆት የሸጠው?

ሚዛኑን ላለማዛባት ተቃራኒውን መንገር አለብኝ። ጉግል በ2004 በፈረንጆቹ አክሲዮኑን በ85 ዶላር ሲሸጥ የታገሠ ሰው አልቀናውም፤ ከዓመት በኋላ ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ጠበቀው። ፔትስ ዶት ኮም የተባለው የቤት እንስሳት ዕቃ ሻጭ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2000 በ11 ዶላር ለሕዝብ ቀርቦ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሥራውን ዘጋ። ማንም ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይህኛው ጉግል ነው፣ ያኛው ፔትስ ዶት ኮም ነው ሊላችሁ አይችልም። «እኔ አውቃለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ጠበቅ አድርጉ። የሚታወቀው ይኼ ነው፦ የጉግል ዓይነት ኩባንያ ከዓመት በኋላ በውድ ተገዝቶም ለብዙ ዓመት ያድጋል፣ የፔትስ ዶት ኮም ዓይነት ግን ከዓመት በኋላ የለም። ስለዚህ በእኔ ሚዛን መዘግየት ከሚያሳጣው ይልቅ የሚያድነው ይበልጣል።

በብድር መግዛትን በተመለከተ ግን አልደራደርም። በ2000 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት ከቴሌኮም ኩባንያው ከሳፋሪኮም ድርሻው 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ የኩባንያውን ሩብ፣ እያንዳንዱን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ አቀረበ። የኩባንያው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም ፔሳ ከተጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ናይሮቢ ላይ ሕዝቡ ተሰለፈ፤ ከባንክ ተበድሮ የገባው ብዙ ነው። የተጠየቀው ከቀረበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ሰዉ ያመለከተውን ያህል አላገኘም፣ የደረሰው የተወሰነ ክፍሉ ብቻ ነው። የባንኩ ወለድ ግን በተበደረው ሁሉ ላይ ነው የሚቆጠረው። አክሲዮኑ ሰኔ ላይ ገበያ ሲገባ ከ5 ሽልንግ በላይ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ታች ተንሸራቶ በቀጣዩ ዓመት ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ፣ ለዓመታትም ከመሸጫው በታች ቆየ። ሳፋሪኮም ዛሬ እኛም ሀገር የገባ፣ በምሥራቅ አፍሪካ አንቱ የተባለ ድርጅት ነው። በራሱ ገንዘብ የገዛና የጠበቀ ኬንያዊ ተክሷል። በብድር የገዛውን ግን ባንኩ አልጠበቀውም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለኢትዮጵያ ዜጎች አቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር፤ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን፣ 999,900 ብር ነበር። ግዢው በቴሌብር፣ ሰልፍ ሳይኖር። ሽያጩ ተራዝሞ የካቲት 7 ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ወሰዱ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ። ከቀረበው አንድ ዐሥረኛው ያህል መሆኑ ነው። ይህን እንደ ውድቀት የቆጠሩት ነበሩ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰው ጠይቋል፣ አስልቷል፣ የራሱን ውሳኔ ወስኗል። የገዛውም ያልገዛውም ያከበረው ገንዘቡን ነው። «እንዳያመልጣችሁ» የሚለው ጥድፊያ ግን ምን ያህል ትክክል እንደነበረ ከዚህ ቁጥር መገመት ትችላላችሁ።

የወፍጮውን ሂሳብ እዚህም መሥራት ይቻላል። 100 ሚሊዮኑ 10 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው፤ በ300 ብር ሲባዛ የድርጅቱ ዋጋ 300 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ይህን ቁጥር በኦዲት በተረጋገጠው የተጣራ የዓመት ትርፍ አካፍሉት፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ማስሊያ ይበቃል። የምታገኙት ቁጥር ገንዘባችሁ በዛሬው ትርፍ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ይነግራችኋል። ቀጥሎ የትርፍ ድርሻ በየዓመቱ ይከፈላል ወይስ ለማስፋፊያ ይያዛል የሚለውን ፈልጉ። የውጭ ምንዛሪ ዕዳውንም እዩ፤ ብር በተዳከመ ቁጥር ያ ዕዳ በብር ሲቆጠር ያብጣል።

ድምፅስ የማን ነው? ዘከርበርግ አክሲዮኑን ለሕዝብ ከሸጠ በኋላም አንዱ ዐሥር ድምፅ ያለው ልዩ አክሲዮን ስለያዘ ከድምፁ ከግማሽ በላይ የእሱ ነበር። የኢትዮ ቴሌኮምም 90 በመቶ የመንግሥት ሆኖ ነው የቀረበው። ትንሽ ባለድርሻ በጉባኤ ላይ እጁን ያነሣል እንጂ አቅጣጫ አይቀይርም። ይህን አውቆ መግባት አንድ ነገር ነው፣ ገብቶ ማዘን ሌላ።

መሸጥም እንደ መግዛት መታሰብ አለበት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የባንክ አክሲዮን ያለው ሰው ገንዘብ ቢቸግረው ገዢ በዘመድ አዝማድ አፈላልጎ፣ የባንኩን አክሲዮን ክፍል ደጅ ጠንቶ፣ ውልና ማስረጃ ድረስ ተመላልሶ ነበር የሚሸጠው። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ በበኩሌ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ገበያው ገና ለጋ ነው። አክሲዮኑ በገበያው ተመዝግቧል ወይስ ገና ነው? በቀን ስንት ገዢና ሻጭ ይገናኛል? ይህን ጠይቃችሁ፣ ገንዘቡ ለአምስት ዓመት ባይመለስ የምትኖሩበት ሌላ ነገር ካላችሁ ግቡ። ለሕክምና፣ ለኪራይ፣ ለልጅ ትምህርት የተቀመጠ ብር ለዚህ አይሆንም። ብር ቤት ቢቀመጥ ይቀልጣል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ የኑሮ ውድነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ግን ያገኙትን ለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

አንድ የራሴን ልንገራችሁ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በምሥረታ ላይ ያሉ አክሲዮን ማኅበራት የበዙበት ጊዜ ነበር። አንዱ በሆቴል አዳራሽ ጠራን። ሻይና ኬክ ቀረበ፣ ባለቀለም ብሮሹር ታደለን፤ ብሮሹሩ ላይ ባለመስታወት ሕንፃ ተሥሏል። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይኼ ነገር እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላነብ «ጥሩ ይመስላል አባባ» አልኳቸው። ሁለታችንም ፈርመን ሩቡን ከነአገልግሎት ክፍያው ከፈልን። ኩባንያው ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ደረሰኙ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ገንዘቤን ረስቼዋለሁ፣ ለእኚያ አባት የሰጠሁትን መልስ ግን አልረሳውም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ አንድም ሰው የሽያጭ መግለጫ አምጡ አላለም።

ዛሬ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በ2013 የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያ መግለጫውን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። እንግዲህ አድማጮቼ፣ የሚቀጥለው ኩባንያ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ መጀመሪያ ሰነዱን ጠይቁ። ማንበብ የከበደው ጎረቤት ወይም ሽማግሌ ካለ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንብቡለት። ሰነዱን ካልሰጧችሁ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።